ከፍቺ በኋላ ልጅን በጋራ ማሳደግ፦ ጎንደር ላይ ከስምምነት እስከ አፈጻጸም

የልጅ ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት ደጅ የሚመላለሱ ብዙ ወላጆች የቸገራቸው ውሳኔ ማጣት አይደለም። ውሳኔው በእጃቸው ነው። ወረቀቱ «ልጁ ከእናቱ ጋር ይኑር፤ አባት በፈለገ ጊዜ ይጎብኘው፤ ቀለብ እንደ አቅሙ ይስጥ» ይላል። አባት እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ በር ያንኳኳና «በፈለግኩ ጊዜ ተብሏል» ይላል። እናት «ልጁ ተኝቷል» ትላለች። ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ያወጣሉ፤ ወረቀቱም ለሁለቱም ይፈርዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ ቀድማችሁ ይዛችሁ ከሆነም እንድታስተካክሉት ነው።

ከዚህ እስከ መጨረሻው አንድ መለኪያ ይያዙ፦ እናንተን ጨርሶ የማያውቅ የአፈጻጸም ዳኛ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሊያስፈጽመው ይችላል? ካልቻለ እንደገና ይጻፉት።

## ከመጀመርዎ በፊት

የራስዎን ሁኔታ ይለዩ። በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ተጋብታችሁ ከነበረ የልጁ ጉዳይ ከፍቺው ጋር በአንድ መዝገብ ይታያል። ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከኖራችሁም ልጁ ምንም የሚጎድልበት መብት የለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አባትየው «ልጄ አይደለም» የሚል ከሆነ ወይም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ከሌለ ግን መጀመሪያ አባትነቱ ይረጋገጥ። ይህን ዘልለው ቀለብ ቢጠይቁ ክሱ እዚያው ላይ ይቆማል።

ትክክለኛውን ሕግ ይያዙ። ጎንደር ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ስልክዎ ላይ የሚያገኟቸው አብዛኞቹ ማብራሪያዎች የሚያወሩት ግን አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው የፌዴራል የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። መንፈሳቸው ይቀራረባል፤ የአንቀጽ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። ስለዚህ ከቴሌግራም የተቀዳ አንቀጽ አቤቱታ ላይ አይለጥፉ።

ሦስት የሰፈር «ሕጎችን» ይርሱ። «ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናት ነው» የሚለው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ዓይነት ድንጋጌ ነበረው። ዛሬ ዳኛው የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፤ ዕድሜ ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንጂ ብቻውን የሚወስን አይደለም። «ወንድ ልጅ የአባት ነው» የሚል ሕግ ደግሞ የለም። «ፍቺ የጠየቀ ልጁን ያጣል» የሚል ሕግም የለም፤ በዚህ ፍርሃት ብቻ ዓመታት በድብደባ ውስጥ የሚቀመጡ እናቶች ስላሉ ደግሜ እላለሁ፦ የለም።

ማስጠንቀቂያ። በቤታችሁ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ከደረጃ 2 አይጀምሩ፤ ሽምግልና አይቀመጡ። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሂዱ፤ ጉዳት ካለ ሕክምና ወስደው ማስረጃውን ይያዙ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

## ደረጃ 1፦ ሰነድ ማሰባሰብ

ሰነድ የሚሰበሰበው ጠቡ ሳይከር ነው። አንዱ ወገን ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ የክትባት ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጦርነት ነው። ከሚከተሉት ዋናውንም ሁለት ሁለት ኮፒም ያዘጋጁ፦

- የጋብቻ ምስክር ወረቀት፤ ከሌለ ሠርጉን ወይም አብሮ መኖራችሁን የሚያውቁ ምስክሮች ስምና አድራሻ
- የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት
- የቀበሌ ወይም ብሔራዊ መታወቂያ
- የልጁ የትምህርት ቤት ካርድና የክፍያ ደረሰኞች፣ የክትባትና የሕክምና ወረቀቶች
- የሌላው ወገን ገቢ ማስረጃ። ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስምና ክፍል በትክክል ይያዙ፤ ነጋዴ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ስምና ሱቁ ያለበትን ቦታ፤ ባጃጅ ካለው የሰሌዳ ቁጥሩን፤ የቀን ሥራ ከሆነ የሚሠራበትን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች

ካልተሳካ፦ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይሂዱ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ጊዜው ቢያልፍም ዘግይቶ የሚመዘገብበት መንገድ አለና «አልፎብኛል» ብለው አይተዉት። የገቢ ማስረጃ በእጅዎ ካልገባ አይጨነቁ፤ መሥሪያ ቤቱ ወይም ባንኩ መረጃውን እንዲልክ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልዎ በአቤቱታው ላይ ይጠይቁ።

## ደረጃ 2፦ ሽምግልናን በልኩ መጠቀም

ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ የእድር ዳኛ፣ ታላቅ ወንድም፣ ሁሉም ይገባሉ። ይግቡ። ነገር ግን ከመቀመጣችሁ በፊት የተቀመጣችሁበትን ጉዳይ ይወስኑ። «ለማስታረቅ ነው ወይስ የልጁን ነገር ለማስተካከል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ሁለቱ ሲደባለቁ የልጁ ነገር የዕርቅ ማባበያ ይሆናል፦ «ልጅሽን አምጥተሽ ታረቂ»፣ «ከታረቅክ ታየዋለህ»።

ሽማግሌ ፍቺ አይፈርድም፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ የልጅ አሳዳጊ መርጦ ቢለያያችሁም ፍርድ ቤት ያላጸደቀው ቃል ሲጣስ የሚያስፈጽምልዎ አካል የለም። ይህን የምለው ሽማግሌ ጠልቼ አይደለም፤ ጥሩ ሽማግሌ ዳኛ በአሥር ቀጠሮ የማይጨርሰውን በአንድ እሑድ ይጨርሳል። ብቻ እሑድ የተስማማችሁትን ሰኞ በጽሑፍ አድርጉት።

ለሙስሊም ቤተሰቦች የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። የሚያየው ግን ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ብቻ ነው። አንዱ ካልፈለገ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በዝምታ ተስማምተዋል እንዳይባሉ አቋምዎን በመጀመሪያው ቀጠሮ ይናገሩ።

## ደረጃ 3፦ የስምምነቱን ሰነድ መጻፍ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። ራፖር ጸሐፊ (አቤቱታና ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው) ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ረቂቁን ራሳችሁ ጻፉ። ራፖር ጸሐፊ የሚያውቀውን ቃል ነው የሚጽፈው፤ የሚያውቀው ደግሞ «በፈለገ ጊዜ ይጎብኝ» የሚለውን ነው።

ልዩነቱን ይመልከቱ።

የማይፈጸም፦ «አባት ልጁን በሳምንቱ መጨረሻ ይወስዳል።»

የሚፈጸም፦ «አባት ልጁን ከመስከረም የመጀመሪያው አርብ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ይረከባል፤ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ማራኪ በሚገኘው በልጁ ክርስትና እናት ቤት ለእናቱ ያስረክባል። ተረካቢ ከዘገየ አስረካቢ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ካልመጣ የዚያ ሳምንት ተራ ያልፋል። አባት ራሱ መምጣት ካልቻለ መላክ የሚችለው ታላቅ እህቱን ብቻ ነው።»

ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ይርዘም። በረዘመ ቁጥር መከራከሪያው ያጥራል።

ሰነዱ እነዚህን በቅደም ተከተል ይያዝ፦

1. መኖሪያ። ልጁ ከማን ጋር፣ በየትኛው ከተማ። «ያለ ሌላው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ልጁን ከጎንደር ውጭ ለመኖር መውሰድ ወይም ለአያት መላክ አይቻልም» የሚል መስመር ያስገቡ። ሥራ ሲበዛ ልጅን ደምቢያ ወይም ወገራ አያት ጋር መላክ እዚህ የተለመደ ነው፤ አያትም ክፉ አይደለችም። ሌላው ወላጅ ግን አርብ 10 ሰዓት ትምህርት ቤት በር ቆሞ ነው የሚሰማው።

2. የመደበኛ ሳምንታት መርሐ ግብር። ከላይ እንዳለው። ጡት ለሚጠባ ሕፃን ማደርን አያስገቡ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለአጭር ሰዓት ቤቱ ድረስ መጥቶ ማየት ይሻላል። ልጁ ሲያድግ መርሐ ግብሩ በስንት ዓመቱ እንደሚቀየር ከአሁኑ ይጻፉ።

3. በዓላት። እያንዳንዱን በዓል በስሙ ይጥሩ፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ኢድ አልፈጥርና አረፋ። ቀላሉ አከፋፈል «ዓመተ ምሕረቱ ጎዶሎ ሲሆን እናት፣ ሙሉ ሲሆን አባት» ነው፤ ፋሲካንና ገናን ለየብቻ ስጡ፣ በዓመት ሁለቱም ለአንድ ሰው እንዳይደርሱ። ጥምቀትን ጎንደር ላይ ለብቻው አስቡት። ከጥር 10 ከተራ እስከ ጥር 12 መንገዶቹ በታቦትና በሕዝብ ይሞላሉ፤ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ልጅ ለመረካከብ የሚሞክር ሰው ልጁን ማጣት ነው የሚሞክረው። ርክክቡ ጥር 9 ይሁን፤ መመለሻው ጥር 13። ሦስቱም ቀን ለአንድ ወገን ይሂድ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይቀያየራል።

4. ክረምት። ሐምሌና ነሐሴን በግማሽ መክፈል ይሻላል። ልጁ ከመስከረም መባቻ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ወደሚማርበት ቤት ይመለስ።

5. መንገድ ሲዘጋ። ይህን አንቀጽ ብዙ ሰው አያስገባም፤ ባለፉት ዓመታት ግን በጣም ያስፈለገው እሱ ነው። እንዲህ ይጻፉ፦ «በጸጥታ ምክንያት መንገድ ቢዘጋ ወይም እንቅስቃሴ ቢገደብ ልጁ ባለበት ይቆያል፤ መንገዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ርክክቡ ይፈጸማል፤ መዘግየቱ እንደ ጥሰት አይቆጠርም፤ ያመለጡት ቀናት በቀጣዩ ወር ይካካሳሉ።» አንዱ ወላጅ ባሕር ዳር ወይም መተማ ከሆነ ይህ መስመር የሌለበት ሰነድ ላይ አይፈርሙ።

6. ስልክ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ስልክ። «ማታ 1 ሰዓት፣ ለ15 ደቂቃ» ይበቃል። ኔትወርክ ካልሠራ በማግስቱ በዚያው ሰዓት።

7. ትምህርት፣ ሕክምና፣ እምነት። ትምህርት ቤት የሚመርጠው ማን ነው? ድንገተኛ ሕክምና ላይ አብሮት ያለው ይወስናል፣ ለሌላው በዚያው ቀን ያሳውቃል። ወላጆች በእምነት ከተለያዩ ክርስትናን፣ የቄስ ትምህርትን፣ መድረሳን፣ የልጅን ጾም በስማቸው ጠርተው ይስማሙ። «በሰላም እንወስናለን» አይበሉ፤ በሰላም የሚወስኑ ሰዎች ይህን ወረቀት አይጽፉም ነበር።

8. ከአገር መውጣት። ፓስፖርት ማውጣትና ልጁን ከአገር ማስወጣት በሁለቱም የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ።

9. ቀለብ። በደረጃ 6 በዝርዝር አለ።

ሁለታችሁም ከፈረማችሁ ፍቺውን በስምምነት አቅርባችሁ ፍርድ ቤቱ ሰነዱን እንዲያጸድቀው ጠይቁ። ዳኛው ለየብቻ ወይም አንድ ላይ ሊያነጋግራችሁና የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። የልጁን ጥቅም አያስጠብቅም ያለውን አንቀጽ የመለወጥ ሥልጣንም አለው፤ ስለዚህ «ቀለብ አልጠይቅም፣ ብቻ ልጄን ስጠኝ» የሚል ውል ተዋውላችሁ ብትሄዱ እንደሚያልፍ እርግጠኛ አትሁኑ። ቀለቡ የልጁ ነው።

## ደረጃ 4፦ ስምምነት ከሌለ ክስ መመሥረት

1. አቤቱታውን ለወረዳ ፍርድ ቤት ያዘጋጁ። የቤተሰብ ጉዳይ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው እዚያ ነው።
2. ገንዘብ ከሌለዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው፤ እዚያ ይጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ በደሃ ደንብ (ያለ ክፍያ) እንዲታይልዎ ከአቤቱታው ጋር ያመልክቱ፤ ለዚህ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ያስፈልጋል።
3. በዳኝነት ጥያቄው ላይ ሦስቱንም ለየብቻ ይጠይቁ፦ ልጁን የማሳደግ መብት፣ ቀለብ፣ የመጎብኛ መርሐ ግብር። ያልጠየቁት አይፈረድልዎትም። የመጎብኛ ረቂቁን ከደረጃ 3 ገልብጠው ያያይዙ፤ ዳኛ ከባዶ ከሚፈጥር ከቀረበለት ይመርጣል።
4. በዚያው ቀን ጊዜያዊ ትእዛዝ ይጠይቁ። የፍቺ ክስ ወራት ይፈጃል፤ ልጁ ግን ዛሬ ማታም ይበላል። ክሱ እስኪያልቅ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይ፣ ስንት ቀለብ እንደሚቆረጥ፣ ሌላው መቼ እንደሚያየው እንዲታዘዝ በተለየ ማመልከቻ፣ በቃለ መሐላ አስደግፈው ያቅርቡ። ይህን ማመልከቻ የረሳ ሰው እስከ ፍርዱ ድረስ በሌላው ወገን መልካም ፈቃድ ይኖራል።
5. መዝገቡ ሲከፈት ቁጥሩን ስልክዎ ላይም ወረቀት ላይም ይጻፉ። መጥሪያውን ወስደው ለሌላው ወገን ያድርሱ፤ ያደረሱበትን ማረጋገጫ ይመልሱ።

ካልተሳካ፦ መጥሪያ አልቀበልም ካለ አይጨቃጨቁ፤ እምቢ ማለቱን ባዩ ሰዎች ፊት ያረጋግጡና ለፍርድ ቤቱ ያስረዱ። አድራሻው ጠፍቶ ሱዳን ወይም ዓረብ አገር ነው ከተባለ እንደ በኩር ባለ ጋዜጣ እንዲጠራ ይጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት ተዘግቶ ከሆነና ጉዳዩ ልጅ መደበቅን የመሰለ አስቸኳይ ነገር ከሆነ ተረኛ ችሎቱን ይጠይቁ።

## ደረጃ 5፦ ችሎት ፊት

አጭር ነው፦ ስለ ሌላው ሰው ሳይሆን ስለ ልጁ ቀን ይናገሩ። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ቁርስ ምን በላ? ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? ሲታመም ማን ሥራ ቀረ? እነዚህን ሳይደናገር የሚመልስ ወላጅ «ሰካራም ናት»፣ «ሌባ ነው» ከሚል ወላጅ ይልቅ ይደመጣል። ምስክር ሲመርጡም ጎረቤትን፣ መምህርን፣ ሠራተኛን ያስቀድሙ፤ የራስ እህት የምትለው አስቀድሞ ይታወቃል።

ዳኛው ልጁን ለብቻው ሊያነጋግር ይችላል። ልጁን አያስጠኑ። የተጠና ልጅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል፤ ጉዳቱም የሚዞረው ወደ አስጠኚው ነው።

በውሳኔው ካልተስማሙ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይግባኝ ማለት ብቻውን ውሳኔውን አያግድም፤ እግድ ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ «ይግባኝ ብያለሁ» ብለው ልጁን አይያዙ። ፍቺው ሲወሰን ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ።

## ደረጃ 6፦ ቀለብ

የተወሰነ ታሪፍ የለም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ነው። ስለዚህ «5000 ብር ይቆረጥልኝ» ብለው ቁጥር አይወርውሩ፤ ዝርዝር ያቅርቡ፦ ምግብ፣ የቤት ኪራይ የልጁ ድርሻ፣ ትምህርት ቤት፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ ልብስ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ዋጋውን፣ ካለም ደረሰኙን።

ሰነዱ ወይም ውሳኔው ይህን ይያዝ፦ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን (ደመወዝተኛ ከሆነ ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን)፣ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር፣ የመስከረም ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ድንገተኛ ሕክምና በስንት በስንት እንደሚከፈል።

አንድ ነገር በተለይ፦ እህል። አባት ከአገር ቤት አንድ ኩንታል ጤፍ አምጥቶ ያወርዳል። እናት ስጦታ መስሏት ታመሰግናለች። አባት የሁለት ወር ቀለብ ከፈልኩ ብሎ ያስባል። በሦስተኛው ወር ጠብ ነው። «በዓይነት የሚሰጥ ነገር ከቀለብ የሚቆጠረው አስቀድሞ በጽሑፍ ከተስማሙበት ብቻ ነው» የሚል መስመር ይህን ይዘጋል።

- ለሚከፍል፦ በእጅ አይስጡ፤ ከሰጡ ደረሰኝ ያስፈርሙ። ሲልኩ ምክንያቱ ላይ «የታኅሣሥ ቀለብ» ብለው ይጻፉ። በልጁ በኩል ብር አይላኩ።
- ለሚቀበል፦ ውዝፍ አያከማቹ። የቤተሰብ ሕግ ቀለብን ለዕለት ኑሮ እንደሚሆን ገንዘብ ስለሚያየው ሳይጠየቅ የቆየ ውዝፍ ክርክር ይነሳበታል። ሦስት ወር ሳይሞላ ፍርድ ቤት ይመለሱ።
- ለሁለቱም፦ ቀለብና መጎብኘት አይተሳሰሩም። ቀለብ ስላልከፈለ ልጁን መከልከል አይቻልም፤ ልጁን ስላላየሁ ብሎ ቀለብ ማቆምም አይቻልም። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው፤ አንዱ ሲጣስ ሁለተኛውን መጣስ ልጁን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

## ደረጃ 7፦ የርክክብ ቀን

ከአንድ ቀን በፊት ቦርሳውን ያዘጋጁ፦ ቅያሪ ልብስ፣ ደብተር፣ መድኃኒት ካለ ከነመጠኑ፣ የሚወደው አንድ ነገር። የክትባት ካርድ ኮፒ በሁለቱም ቤት ይኑር።

መልእክት ስለ ልጁ ብቻ ይሁን። እንዲህ፦ «ትናንት ማታ ትኩሳት ነበረው። ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ። ሽሮፑን ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ሚሊ ሊትር። ወረቀቱ ቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ ነው።» አራት ዓረፍተ ነገር፣ «አንተ ድሮም» የሚል የለበትም። የጽሑፍ መልእክት ከስልክ ጥሪ ይሻላል፤ ጥሪ ድምፅ ይጨምራል፣ ማስረጃም አይተውም።

በሩ ላይ ከአምስት ደቂቃ አይበልጡ። ስለ ገንዘብ፣ ስለ አዲስ ትዳር፣ ስለ ንብረት አንድም ቃል አይናገሩ። ስትተያዩ የምትጣሉ ከሆነ በትምህርት ቤት በኩል ተረካከቡ፦ አንዱ ጠዋት ያደርሳል፣ ሌላው ከሰዓት ይወስዳል፤ ፊት ለፊት አትገናኙም። ለትምህርት ቤቱ የውሳኔውን ግልባጭና ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር ይስጡ።

ልጁ አልሄድም ብሎ ሲያለቅስ፦ በጣም የሚከብደው ይህ ነው። መጀመሪያ ዕድሜውን ያስቡ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ከማንኛውም ቤት ሲወጣ ያለቅሳል፣ ከአባት ቤት ሲመለስም ያለቅሳል። ተንበርክከው «እሑድ 11 ሰዓት እዚሁ እጠብቅሃለሁ» ይበሉትና ይስጡት፤ አይለማመጡ፣ አብረው አያልቅሱ። ለቅሶው ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ካልቀነሰ ወይም ልጁ የሚፈራውን ነገር በስሙ ከተናገረ ግን አያስገድዱት። የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከነቀኑ ይጻፉ፤ ደጋግመው አይመርምሩት፤ የጉዳት ምልክት ካለ በዚያው ቀን ሐኪምና ፖሊስ፣ በማግስቱ ፍርድ ቤት። ያኔ የሚጠይቁት መጎብኘቱ ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዲሆን ነው።

ዘመድን ይግቱ። «እናትህን ነው አባትህን አብልጠህ የምትወደው?» የምትል አክስት በሁለቱም ቤት አለች። እየሳቀች ነው የምትጠይቀው። ልጁ ግን መልሱ እንደሚያጣላ ያውቃል፤ ስለዚህ በየቤቱ ሌላ ሌላ መልስ መስጠት ይለምዳል። እህትዎን፣ እናትዎን፣ ጎረቤትዎን አንድ በአንድ ቁጭ አድርገው ይህን ጥያቄ ይከልክሉ። ከመጣ በኋላም «እዚያ ማን መጣ? ምን አበሉህ?» የሚል ምርመራ አይክፈቱ።

## ደረጃ 8፦ ውሳኔው ሲጣስ

1. መዝገብ ይያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ። ስድብ አይጻፉበት፤ ዳኛ ያነበዋል።
2. አንድ ጊዜ በጽሑፍ ያሳስቡ። «አርብ 10 ሰዓት ቆሜ ነበር፣ ልጁ አልነበረም። በሚቀጥለው አርብ ይካካስ።»
3. አፈጻጸም ይክፈቱ። በማኅተም የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ፣ የአፈጻጸም ማመልከቻና መዝገብዎን ይዘው ውሳኔውን ወደሰጠው ፍርድ ቤት ይሂዱ። ለቀለብ ከሆነ ገንዘቡ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ እንዲገባ መሥሪያ ቤቱ እንዲታዘዝ ይጠይቁ፤ ነጋዴ ከሆነ የባንክ ሒሳቡን ወይም ንብረቱን ይጠቁሙ። ለልጅ ርክክብ ከሆነ ፖሊስ እንዲያግዝ ትእዛዝ ይጠይቁ።
4. ወንጀልን በመጨረሻ ያንሱ። እያለው ቀለብ የሚከለክልን ሰው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣል። ነገር ግን የታሰረ ሰው ደመወዝ የለውም፤ አስቀድመው ደመወዙን ያስቆርጡ።

በጭራሽ አያድርጉ፦ ልጁን ከመንገድ ነጥቆ መውሰድ። ሌላው ወገን ቀድሞ ነጥቆ ቢሆን እንኳ። ልጁን በጉልበት መልሶ ያመጣ ወላጅ በማግስቱ ተከሳሽ ሆኖ ይቆማል፤ ትናንት በእጁ የነበረውን እውነት ዛሬ ያጣል። ውሳኔ ካለዎት ግልባጩን ይዘው ለፖሊስና ለፍርድ ቤት በዚያው ቀን ያመልክቱ፤ ከሌለዎት አስቸኳይ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይጠይቁ።

አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ወላጅ ነኝ፤ በልጄ ላይ ማንም ከእኔ አይበልጥም» ብሎ ዓመታት ጠፍቶ ይመጣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ያየው ጉዳይ ይህን ይመስላል፦ ልጅን ትተው የቆዩ አባት መብታቸውን ሲጠይቁ ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ የልጁን ጥቅም አስቀደመ፤ ልጁም ሲያሳድጉት ከነበሩት አክስት ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ጉዳይዎ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ቁጥሩን በመልስዎ ላይ ይጥቀሱ። አያትም አክስትም ሆነው ልጅ የሚያሳድጉ ከሆነ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

## ደረጃ 9፦ ሁኔታ ሲቀየር

የልጅ ውሳኔ ለዘላለም አይታተምም። ሥራ ማጣት፣ ደመወዝ መጨመር፣ የኑሮ ውድነት፣ ሕመም፣ ከከተማ መልቀቅ፣ አዲስ ትዳር በልጁ ላይ ያመጣው ለውጥ፣ የልጁ ዕድሜ፣ እነዚህ ሁሉ ውሳኔው እንዲሻሻል ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናሉ። አዲስ ትዳር ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም፤ የሚጠየቀው ልጁ በዚያ ቤት እንዴት እንደሚኖር ነው።

ሥራ ካጡ ቀለቡን በራስዎ ሥልጣን አይቀንሱ። ከሥራ የተሰናበቱበትን ደብዳቤ ይዘው በዚያው ሳምንት ማሻሻያ ያመልክቱ፤ እስከዚያ የቻሉትን ያህል ያስገቡ፤ ጨርሶ ከማቆም ግማሽ መክፈል በዳኛ ዘንድ ልዩነት አለው።

በቃል የተደረገ ማሻሻያ አሮጌውን ወረቀት አይሽረውም። ለስድስት ወር በአርብ ፈንታ ቅዳሜ ስትረካከቡ ኖራችሁ ጠብ ሲነሳ የሚፈጸመው አርብ የሚለው ነው። ስለዚህ ለውጡ ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡና አስጸድቁት። አዲሱ ትእዛዝ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ ያለውን አሮጌ ግልባጭ አስወጥተው አዲሱን በቦታው ያስገቡ፤ ዘበኛው ጋ ያለውን የስም ዝርዝርም አብረው ይቀይሩ።